የፊት ፎርክ ላደሱልኝ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና፦ ቤት የሚሠራውና ለባለሙያ የሚተወው

በሐዋሳ ከተማ የሞተር ሳይክሌን የፊት ፎርክ (የፊቱን ጎማ ይዘው ንዝረት የሚያበርዱትን፣ ውስጣቸው ሞላና ዘይት ያለባቸውን ሁለት እግሮች) ላደሱልኝ አንጋፋ መካኒክ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ፣ ሞተር የምታሽከረክሩ ወገኖቼንም ወደ እሳቸው ለመጠቆም ይህን ጽፌአለሁ። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለጠየቁኝ ፈቃዳቸውን አከብራለሁ፤ አድራሻቸውን የሚፈልግ ግን በውስጥ መስመር ቢጠይቀኝ በደስታ እነግረዋለሁ።

ሞተሬ የግብርናና የጤና ባለሙያዎች በገጠር ሲገለገሉበት የኖሩት ባለ ሁለት ምቱ ያማሃ ኤጂ 100 ነው። በእንስሳት ጤና ሥራዬ ምክንያት ወደ ቦርቻና ወደ ሎካ አባያ ስለምመላለስ ፎርኩ በጋውን በአቧራ፣ ክረምቱን በጭቃ ያሳልፋል። በፎርኩ ላይ እንደ አኮርዲዮን ተጣጥፎ የሚለብሰው ጎማ ጠጠሩን ይከላከላል፤ ነገር ግን ከሥሩ የገባውን እርጥበት ይዞ ያቆያል፣ ዝገቱንም ከባለቤቱ ዓይን ይሸሽጋል። ከዚህ ቀደም የሄድኩበት አንድ ጋራዥ ጎማውን ገልጦ ቱቦውን ሳይመረምር ኦይል ሲሉን (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያግደውን ቀለበት) ብቻ ቀይሮ መለሰልኝ፤ ብዙም ሳይቆይ ዘይቱ እንደገና መውረድ ጀመረ።

ሥራውን ቤት ውስጥ ራሴ ለመሥራት ማሰቤ አልቀረም። ቁልፎች አሉኝ፤ ከሥራውም ግማሽ ያህሉ ንጽሕናና ትዕግሥት እንጂ ልዩ ሙያ አይጠይቅም። ቀሪው ግን መሣሪያ ይፈልጋል። የታችኛውን አሉሚኒየም ቱቦ በውስጡ ከሚንሸራተተው የክሮም ቱቦ ለመለየት ከግርጌው ያለውን ቡሎን መፍታት ግድ ነው፤ ቡሎኑ የታሰረው ግን ውስጥ ካለው የማርገቢያ ዘንግ ጋር ስለሆነ፣ ዘንጉን ከላይ አጥብቆ የሚይዝ ነገር ከሌለ ሁለቱ አብረው ይዞራሉ እንጂ አይላቀቁም። አንዳንዶች የመጥረጊያ እንጨት አሹለው በማስገባት ይይዙታል፤ አንዳንዴ ይሳካል፣ አንዳንዴ ደግሞ እንጨቱ ተሰንጥቆ ሌላ ሥራ ይጨምራል። እኚህ ባለሙያ የሚጠቀሙበት መሣሪያ ራሳቸው ከረጅም ብረት ጫፍ ላይ ትልቅ ዳዶ በይደው የሠሩት ሲሆን፣ ቡሎኑ ያለ ብዙ ትግል ተፈታላቸው።

ከሁሉም በላይ ገንዘቤ የዋለው ግን በልኬታቸው ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ክሮሙን ቱቦ በሁለት ድጋፎች ላይ አጋድመው እያዞሩ፣ ቀስት ባለው መለኪያ መታጠፉን መረመሩ። ያማሃ በጥገና መመሪያዎቹ ለዚህ መታጠፍ በተለምዶ የሚያስቀምጠው ወሰን 0.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህን ያህል መጣመም በዓይን ለመለየት እጅግ ያስቸግራል። ከወሰኑ ያለፈ ቱቦ ይቀየራል እንጂ አይቃናም፤ በኃይል የተቃና ቱቦ ጥንካሬው ሊቀንስ ስለሚችል ጉዞ ላይ ለአደጋ ያጋልጣል። ቱቦ እናቃናለን የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ፤ በእኔ አስተያየት ገንዘብ መቆጠብ የማይገባው እዚህ ላይ ነው።

የእኔ ቱቦ ቀጥ ያለ ሆኖ ተገኘ። ዘይቱን ያፈስ የነበረው ጎማው በሸፈነው ክፍል ላይ ዝገት የፈጠራቸው ጥቃቅን ጉድጓዶች ናቸው። ፎርኩ ወደ ላይና ወደ ታች ባለ ቁጥር የጉድጓዶቹ ስለታም ጠርዝ የሲሉን ከንፈር ስለሚበላው፣ ቱቦው ሳይስተካከል የሚገባ አዲስ ሲል ዕድሜው አጭር ነው። ባለሙያው ጠርዞቹን በለስላሳ የመሳያ ድንጋይ አለዘቡ፤ ጉድጓዶቹን ከሁለት ነገር ተደባልቆ በሚጠነክር ማጣበቂያ ሞልተው፣ ሲደርቅ ቁጥሩ ከ1000 በላይ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት ውኃ እያስነኩ አስተካከሉት። አዲሱ ሲል በቱቦው ጫፍ እንዳይቆረጥም ጫፉን በዘይት በነካካ ስስ ፌስታል ሸፍነው አስገቡት። ሲያስረክቡኝ «ይህ ለጊዜው ነው፤ ቱቦ ስታገኝ ትቀይረዋለህ» አሉኝ። ሠራሁልህ ብሎ ዝም ማለት በሚቻልበት ቦታ ይህን መናገራቸው አመኔታዬን አበረታው።

ስለ ዘይቱም ጥቂት ልበል። በብዙ ቦታ የሞተር ዘይት፣ ያውም ወፍራሙ 20ደብሊው50፣ ፎርክ ውስጥ ሲሞላ አያለሁ። ለትናንሽ ሞተሮች በብዛት የሚታዘዘው 10ደብሊው የሚባለው የፎርክ ዘይት ነው፤ የሞተር ዘይትና የፎርክ ዘይት ቁጥሮችም በአንድ ሚዛን የሚነጻጸሩ አይደሉም። ባለሙያው ዘይቱን በስፍር ከሞሉ በኋላ ሞላውን አውጥተው፣ ቱቦውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርገው፣ ከአፉ እስከ ዘይቱ ያለውን ርቀት በሁለቱም እግሮች እኩል እስኪሆን ለኩ። ከዘይቱ በላይ የሚቀረው አየር ራሱ እንደ ሞላ ስለሚሠራ፣ ዘይቱ ሲበዛ ፎርኩ ይደርቃል፣ ሲሉም ይጨነቃል፤ ሲያንስ ደግሞ ፍሬን በተያዘ ጊዜ የሞተሩ አፍንጫ ወደ መሬት ይደፋል። የፊቱን ተሽከርካሪ ጎማ መልሰው ሲገጥሙም የመጨረሻዎቹን ቡሎኖች ከማጥበቃቸው በፊት መሪውን ይዘው ፎርኩን ደጋግመው ተጫኑት፤ ሁለቱ እግሮች ሳይጣመሙ ቦታቸውን የሚይዙት እንዲህ ነው።

ወደፊት ራሴ ልሠራው የምችለውንም ሳይሰስቱ አሳዩኝ። ከሞተር እጥበት በኋላ የፎርኩን ጎማ ገልጦ ቱቦውን ማድረቅ ዋነኛው ነው። ዘይት ማልቀስ ሲጀምር ወዲያው ሲል ከመግዛት በፊት፣ ከአሮጌ የራጅ ፊልም ስስ ቁራጭ ቆርጦ በቱቦውና በሲሉ መካከል በማዞር የተሰነቀረውን አሸዋ ማውጣት ይቻላል፤ ሲሉ ካልተቀደደ መፍሰሱ በዚሁ ሊቆም ይችላል። እንደ አፓቼ ያለ የፊት ፍሬኑ ዲስክ የሆነ ሞተር ያላችሁ ግን አትዘግዩ፤ የፎርክ ዘይት ዲስኩንና የፍሬኑን ሸራ ከነካ ሞተሩ በተፈለገበት ቦታ አይቆምም።

የእጅ ዋጋቸው ከመለዋወጫው ዋጋ ብዙ የራቀ አልነበረም። ወጪ ለመቀነስ የሚፈልግ የፎርኩን እግሮች ቤቱ ፈትቶ ቢወስድላቸው ይቀበላሉ፤ ነገር ግን እግሮቹን ከማውጣታችሁ በፊት የላይኛውን ማሰሪያ አላልታችሁ የአናቱን ክዳን በመጠኑ ፈታ አድርጉት፣ አንዴ ከወጣ በኋላ በእጅ ይዞ መፍታቱ አስቸጋሪ ነውና። ክዳኑን ሙሉ በሙሉ መክፈቱን ግን ለእሳቸው ተዉት፤ ከሥሩ የተጨመቀ ሞላ አለ።