ባትሪዬ «ሞቷል» ሲባል እውነቱን ለነገረኝ መካኒክ

ሰላም ወገኖች። ዛሬ አንድ ሰው ላመሰግን ነው የመጣሁት።

የምኖረው ሱሉልታ ነው። የሱሉልታን የታህሳስ ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ይጋገራል፣ የመኪና መስታወት ነጭ ይሆናል። የኤሌክትሪክ መኪና ከገዛሁ ዘንድሮ የመጀመሪያው ታህሳሴ ነበር። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ ቻርጀሩን እሰካለሁ፣ 1 ሰዓት ላይ ስወጣ ከሁለት ፐርሰንት በላይ አልጨመረም። ይባስ ብሎ ከእንጦጦ ወደ አዲሱ ገበያ ቁልቁል ስወርድ፣ እግሬን ከፔዳሉ ሳነሳ ቀስ አድርጎ ይይዝልኝ የነበረው መኪና ዝም ብሎ ይንደረደራል። ልጆቼ ከኋላ ነበሩ። በጣም ደነገጥኩ።

አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። አስር ደቂቃ እንኳ ሳያዩት «ባትሪው ሞቷል፣ ይቀየር» አሉኝ። ዋጋውን ስሰማ ለባለቤቴ መንገር አቅቶኝ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።

ይህን ልጅ የጠቆመኝ ጎረቤቴ ነው። ደወልኩለት። «መኪናውን እንደበረደ ነው ማየት ያለብኝ፣ እንዳያስነሱት» ብሎ በማግስቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት በሬ ላይ ደረሰ። ጋቢውን እንደተከናነበ ስካነሩን ሰካና ስልኩን አሳየኝ። የባትሪው ሙቀት 1 ዲግሪ ይላል።

«ጋሼ፣ ባትሪዎ አልሞተም። በርዶታል።»

ከዚያ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ቻርጅ ሲደረግ የባትሪው ሊቲየም ግራፋይት በሚባለው የባትሪው ክፍል ውስጥ መግባት አለበት፤ ሲበርደው ግን ቶሎ አይገባም፣ በግድ ከገፉት ላዩ ላይ ብረት ሆኖ ይለጠፋል። ያ ከሆነ የባትሪው አቅም ይቀንሳል፣ ሲብስም ውስጥ ለውስጥ ሾርት ሊያደርግ ይችላል። መኪናው ይህን ስለሚያውቅ ቻርጁን ይገድባል፤ ከቤት ሶኬት የሚያገኛትን 2 ኪሎዋት ያህልም መጀመሪያ ባትሪውን ለማሞቅ ያውላታል። የቁልቁለቱም ነገር ያው ነው። እግር ሲነሳ መኪናውን የሚይዘው ሞተሩ ኃይል አመንጭቶ ወደ ባትሪው ስለሚመልስ ነው፣ የበረደ ባትሪ ደግሞ ያንን አይቀበልም። የእኔ ባትሪ አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ስለሆነ ብርድ ይበልጥ ይሰማዋል አለኝ።

አብረን አዲሱ ገበያ ደርሰን ተመለስን። የባትሪው ሙቀት 8 ዲግሪ ሆኗል። ቻርጀሩን ሰካነው፣ ፐርሰንቱ ዓይኔ እያየ መንቀሳቀስ ጀመረ።

የመከረኝ ይህ ነው፦ ማታ ከሥራ ስመለስ ባትሪው ገና ሳይበርድ ወዲያው ልሰካው፣ እስከ ንጋት አላቆየው። ጠዋት ቁልቁለት ላይ ርቀቴን ጠብቄ ፍሬኑን ልጠቀም። መኪናውንም ከሜዳው አንስቼ ቆርቆሮው ሥር ላሳድረው። ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ ሳልሳቀቅ እየነዳሁ ነው።

የተቀበለኝ የመመልከቻ ብቻ ነው። ልጨምርልህ ስለው «ነገርኩዎት እንጂ ምን ሠራሁ?» ብሎ እምቢ አለኝ። እኔ ግን የዚያ ጋራዥ ሂሳብ ትዝ ሲለኝ እግዜር ይስጥህ ማለት ያንሰኛል።

ስልኩን እዚህ መለጠፍ አልፈለግኩም። ሱሉልታ፣ ጫንጮና እንጦጦ አካባቢ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ስትቀጥሩት መኪናውን ሌሊቱን ውጭ አሳድሩት፣ እሱ ሳይደርስም አታስነሱት።