ለልጄ የክራር መምህር ምስጋና (እና ሁለት ክፍት ቦታ)

ይሄን ጽሁፍ ልጽፍ ካሰብኩ ቆየሁ። መምህሩ “ስሜን እንዳታወጪው” ስላለኝ፣ ሰውን ሳይጠሩ ማመስገን እንዴት እንደሆነ ግራ ገብቶኝ ነው። ልጆቹ “ቲቸር” ይሉታል። እኔም እንደነሱ ልበለው።

ልጄ 9 ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት በ9 ሰዓት ተኩል ትወጣለች፤ እኔ ከሥራ የምወጣው በ11 ሰዓት ተኩል ነው። በመሃል ያለው ጊዜ የስልክ ሲሳይ ነበር። “ሙዚቃ ትማር” ያልኩት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሙዚቃው አሳስቦኝ አይደለም። የምትውልበት ፈልጌ ነው።

መጀመሪያ ያስገባኋት ኪቦርድ የሚያስተምሩ ሰዎች ጋ ነበር። የቤቱን ስም ይቅር። የ3 ወር ክፍያ በቅድሚያ ተቀበሉኝ። በመጨረሻው ቀን ወላጅ ተጠራ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ ልጄ አንድ ዘፈን ተጫወተች። እኔ ቪዲዮ እየቀረጽኩ አለቀስኩ። ቤት ገብተን “እስቲ ድገሚልኝ” ስላት “ማሚ፣ አብዛኛውን እኮ ማሽኑ ነው የሚጫወተው። እኔ የምነካው እነዚህን 4 ብቻ ነው” አለችኝ። ሰርተፊኬቱ ዛሬም ግድግዳው ላይ አለ።

ቲቸርን ያገኘሁት በጎረቤቴ በኩል ነው። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲማር ዋና መሣሪያው ክራር ነበር። አሁን ሰኞና ረቡዕ፣ ከ10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል፣ በተከራያት አንዲት ክፍል ልጆች ያስተምራል። ከ6 ልጅ በላይ አይቀበልም።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ዘፈን የሚባል ነገር የለም። መቃኘት ብቻ! አንዱን ክር ይመታል፣ ልጆቹ በአፋቸው ያንን ድምፅ ያወጣሉ፣ ከዚያ የራሳቸውን ክር እያጠበቁ እያላሉ ያመሳስላሉ። በ3ኛው ሳምንት ትዕግስቴ አለቀና ሄድኩበት። “ቲቸር፣ መቼ ነው የሚጫወቱት?” አልኩት። አልተከራከረኝም። ክራር ጭኔ ላይ አስቀምጦ “እስቲ ይሄን ክር ከዚህኛው ጋር እኩል ያድርጉት” አለኝ። አጠበቅኩ። ትንሽ ጨመርኩ። ጧ! ተበጠሰ። 6ቱም ልጆች በሳቅ ፈረሱ፤ የኔዋ ደግሞ ከሁሉም በላይ።

ያን ቀን ቁጭ ብዬ ተማርኩ ማለት እችላለሁ። ክራር እንደ ኪቦርድ ተቃኝቶ አይጠብቅህም። ቅኝቶቻችን (ዜማ የሚሠራባቸው የድምፅ ስብስቦች፣ እንደ ትዝታ፣ ባቲና አምባሰል ያሉት) የተሠሩት ከ5 ድምፅ ነው። ከትዝታ ሜጀር ወደ ትዝታ ማይነር ለመሄድ ከ5ቱ ሁለቱን፣ ሦስተኛዋንና አምስተኛዋን፣ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። ቲቸር ዓይኔ እያየ ዝቅ አደረጋቸው። አሁን ሲስቅ የነበረው ክራር ሆድ ብሶት ቁጭ አለ። ልዩነቱን ያልሰማ ልጅ ጣቱ ቢሮጥ ምን ዋጋ አለው?

ሌላው የወደድኩለት፣ ባቲና አምባሰል ቅኝት ብቻ ሳይሆኑ ወሎ ውስጥ ያሉ ቦታዎች መሆናቸውን ካርታ አውጥቶ ማሳየቱ ነው። ሁለት ወንዶች ልጆች “ክራር የወንድ ነው” ብለው የኔዋን ሲያበሽቋት ደግሞ አልተቆጣቸውም። ስልኩን ከፍቶ ክራር ተጫዋቿን አስናቀች ወርቁን አሰማቸው። ከዚያ በኋላ ወሬው ቀረ።

ባለፈው ሰኔ፣ ዝናብ በጣለበት ማታ፣ ልጄ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ክራሯን አነሳች። ቆዳው እርጥበት ስለሚያላላው ድምፁ ወርዶባታል። ማንም ሳያግዛት ጆሮዋን እንጨቱ ላይ አስጠግታ፣ በአፍንጫዋ እያዜመች፣ አንድ በአንድ ቃኘችው። ከዚያ ቀስ ብላ መደርደር ጀመረች። እናቴ ማዶ ምስር ትለቅማለች። የውጫሌ ልጅ ናት። እጇን ሰፌዱ ላይ አቁማ ሰማች ሰማችና “አምባሰል ነው አይደል?” አለች።

“እማማ፣ በምን አወቅሽ?”

“እኔን ነው አምባሰል የምታስተምሪኝ!”

የዚያን ምሽት ምስሩ ሳይለቀም አደረ። እናቴ ስታንጎራጉር የሰማኋት ከስንት ዓመት በኋላ መሆኑን እንጃ። “ልጅቷን አዝማሪ ልታደርጊያት ነው?” ብሎ የተቆጣኝ አጎቴም ለበዓል ሲመጣ “ያቺን ክራር አምጫት እስቲ” ማለት ጀምሯል። እሱን ግን ገና ይቅር አላልኩትም።

ልጅ ለማስመዝገብ ለምታስቡ፦ ቀድማችሁ ክራር እንዳትገዙ። በዛጎል ያጌጠው፣ ለሳሎን የሚሰቀለው፣ ቅኝት አይዝም፤ እኔ ገዝቼ አይቼዋለሁ። የመጀመሪያውን ወር ቲቸር ራሱ ያውሳል፤ ከዚያ ለልጁ ቁመት የሚሆነውን ያሠራላችኋል። ክፍያው በየወሩ ነው። ልጅ ታሞ ከቀረ ያካክሳል።

እንከን የለውም አልልም። እያስተማረ ስልክ አያነሳም፤ 10 ጊዜ ብትደውሉም አያነሳም። ከ10 ደቂቃ በላይ ያረፈደ ልጅ በር ተዘግቶበት ይጠብቃል፤ የኔዋ ሁለቴ ደርሶባታል፤ ሁለቱም የትራፊኩ ሳይሆን የኔ ጥፋት ነው። ለወላጅ መቀመጫ የለም፤ ክረምት ላይ ጃንጥላ ይዞ በር ላይ መቆም ነው። ሰርተፊኬትም አይሰጥም።

ቲቸር፣ ይሄን ካነበብከው፣ ከልብ አመሰግናለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

ለመስከረም ሁለት ቦታ እንዳለው ነግሮኛል። የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፤ ፈቃዱን ጠይቄ ስልኩን እልክላችኋለሁ። ክር የበጠሰችው እናት ማን እንደሆነች ግን መጠየቅ አያስፈልጋችሁም፤ ልጆቹ ገና ከበር ይነግሯችኋል።