መኪናውን ተከራዩ፣ ጂፒኤሱን ተዉት

አገር ቤት ለእረፍት መጥታችሁ መኪና ልትከራዩ ካሰባችሁ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ስለ መኪናው ብዙ የምለው የለኝም። ንጹህ ነው፣ ጎማው ደህና ነው፣ ፍሬኑ ይይዛል። በተባለው ሰዓት በር ድረስ አምጥተው አስረክበውኛል። ያመጣው ልጅም ጨዋ ነው። ከአምስት አራት ተኩል እሰጣቸዋለሁ። ግማሿን የቀነስኩት ኤሲው ስለሚጮህ ነው። ነገር የተበላሸው «ጋሼ፣ ጂፒኤስ ልጨምርልዎት?» ከተባልኩ በኋላ ነው።

ጨምርልኝ አልኩ። ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ድሮ ሳላስብ የምነዳባቸው መንገዶች ዛሬ ሌላ ሆነዋል። አደባባይ የነበረው ማሳለጫ ሆኗል። በሁለት አቅጣጫ ይነዳበት የነበረው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሆኗል። በየመታጠፊያው መስኮት አውርዶ መጠየቅ ደግሞ ከኋላ የሚመጣውን ጡሩምባ መቻል ይፈልጋል። የጂፒኤሱ የቀን ኪራይ ቀላል ባይሆንም፣ ሰላሜን ልግዛ ብዬ ተስማማሁ።

የሰጡኝ ዕቃ ባለ 4.3 ኢንች ስክሪን ነው። በጣት ነክቶ አይሰማም፣ በጥፍር መጫን አለባችሁ። መስታወት ላይ የሚለጠፍበት ጎማ ስለደረቀ በየጉድጓዱ ይወድቃል። መጀመሪያ ሲበራ ሳተላይት ፍለጋ ላይ ብዙ ቆየ። በዚህ እንኳ አልወቅሰውም። ጂፒኤስ ያለበትን ቦታ ለማስላት ቢያንስ የ4 ሳተላይቶችን ምልክት ማግኘት አለበት። ሳተላይቶቹ ደግሞ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ነው የሚዞሩት፤ ምልክታቸው እኛ ጋ ሲደርስ ደክሟል። እያንዳንዱ ሳተላይት የት እንዳለ የሚናገረውን መረጃ በየ30 ሰከንዱ ይደግማል። የሁሉንም ሳተላይቶች አጠቃላይ መረጃ ልኮ ለመጨረስ ግን 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል። ለወራት መሳቢያ ውስጥ የከረመ ጂፒኤስ በአንድ ጊዜ አይነቃም ማለት ነው። ሰማይ በደንብ የሚታይበት ቦታ ቆማችሁ ጠብቁት። እየነዳችሁ ከሆነ፣ በተለይ በረጃጅም ሕንፃዎች መሀል፣ ይበልጥ ይዘገያል።

ችግሩ የመጣው ቦታውን ካገኘ በኋላ ነው። አዲሱን ሰፊ መንገድ ይዤ ስወጣ ቀስቷ ከመንገድ ወጥታ ባዶ ሜዳ ላይ መንሳፈፍ ጀመረች። ጂፒኤሱ ውስጥ የምትናገረው ሴትዮ «ዞረው ይመለሱ» ትላለች። የት ልዙር? መሀል ላይ የኮንክሪት አጥር አለ። አሁንም «ዞረው ይመለሱ»። ቀጥሎ ወደ ቀኝ ታጠፍ አለችኝ፤ ታጥፌ ብሆን ኖሮ ግንባታ ላይ ያለ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ እገባ ነበር። እዚያ ቦታ ድሮ መንገድ እንደነበረ ትዝ ይለኛል። ልጅ ሆኜ በእግሬ ሄጄበታለሁ። ሳቄ መጣ፤ ካርታው የሚያውቀው ከተማ እኔ ትቼው የሄድኩት ከተማ ነው። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ሆዴንም ባር ባር አለኝ። ግን ናፍቆት በነፃ ነው፤ ለዚህኛው በቀን እየከፈልኩ ነበር።

ከዚያ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቀን አየሁ። ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ያለፈ ቀን ነው። መጀመሪያ የተበላሸ መስሎኝ ነበር፤ ጉዳዩ ግን ሌላ ነው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ጊዜውን የሚናገሩት በሳምንት ቁጥር ነው። በቆየው አሠራር ለዚህ ቁጥር የተመደበው 10 ቢት፣ ማለትም 0 ወይም 1 የሚጻፍባቸው አሥር ቦታዎች ብቻ ስለሆነ ከ0 እስከ 1023 ይቆጥርና እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። 1024 ሳምንት ደግሞ 19 ዓመት ከ7 ወር ገደማ ነው። ቁጥሩ መጀመሪያ የዞረው እ.ኤ.አ. በኦገስት 1999 ነበር፤ ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 2019 ሌሊት ነው። ሶፍትዌሩ የታደሰለት መሣሪያ ምንም አልሆነም። ያልታደሰለት፣ አንዳንዱ በዚያው ሌሊት፣ አንዳንዱ እንደ ሶፍትዌሩ ዕድሜ ቆይቶ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ይቀራል። ቦታውን ሊያገኝ ይችላል፤ ቀኑ ግን ያለፈ ነው። ስለዚህ የኪራይ ጂፒኤስ ሲሰጧችሁ ከሁሉም በፊት ቀኑን እዩ። ቀኑ ከተሳሳተ ካርታውንም ለዓመታት ማንም አልነካውም ብላችሁ ጠርጥሩ።

በማግስቱ ቢሮ ሄጄ መለስኩት። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ልጅ «እሺ ጋሼ፣ ችግር የለም» ብሎ ተቀበለኝ። መደርደሪያ ላይ ከሌሎች መሰሎቹ ጋር አስቀመጠው። ኪራዩ ይቆማል አይደል ብዬ ጠይቄዋለሁ። «ይቆማል» ብሏል። በዚህ ተለያየን።

መኪናውን ልመልስ የሄድኩት ማታ በረራ ባለኝ ቀን ነው። ሒሳቡን አሳዩኝ። ጂፒኤሱ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ተቆጥሯል። ከሥሩ ደግሞ «የጎደለ ገመድ» የሚል ሌላ መስመር አለ። ይህ እኮ በማግስቱ ተመልሷል አልኩ። አዲስ ልጅ ነው ያለው፤ የቀድሞው ፈረቃው አይደለም።

«ጋሼ፣ ውሉ ላይ እስከ መጨረሻው ነው የሚለው።»

«ወንድሜ፣ ዕቃው ያውልህ፣ ከጀርባህ መደርደሪያው ላይ ነው።»

ዞሮ አየው። አየውና «አዎ አለ፤ ግን ሲስተሙ ላይ አልተመለሰም» አለኝ።

ልብ በሉ፣ ዕቃው በዓይናችን ፊት አለ። ሲስተሙ ግን አላየውም። ታዲያ አንተ አይተኸዋል፣ አስገባው አልኩት። እሱ ማስገባት አይችልም፤ ሥራ አስኪያጁ ነው የሚችሉት። ሥራ አስኪያጁ የት ናቸው? እየመጡ ነው። ተቀመጥኩ። ሻይ ላምጣልዎት አለኝ፣ ደግ ልጅ ነው፣ በሱ አልፈርድም። ጊዜው ይሄዳል። ስልክ ይደወላል፣ አይነሳም። እንደገና ይደወላል፣ «ደርሻለሁ» ይባላል። ደርሻለሁ ማለት ገና መነሳቴ ነው ማለት እንደሆነ ረስቼው ነበር። ሻንጣዬ ዘመድ ቤት ነው፤ ያልተሰናበትኳቸው ሰዎች አሉ። እነሱም ይህን ያውቃሉ። ማታ የሚበር ሰው እስከ ነገ አይከራከርም። ከውጭ የመጣ ደንበኛ ሒሳብ ላይ እንዲህ ያለ መስመር የሚጨመረው ለዚህ ይመስለኛል።

ገመዱ የሾፌሩ በር ኪስ ውስጥ ተገኘ። ሄጄ ያወጣሁት እኔው ነኝ። ሥራ አስኪያጁ ሲመጡ በትሕትና አናገሩኝ፣ የገመዱን ሒሳብ ሰረዙ። የጂፒኤሱን ግን «የተፈረመበት ነው» ብለው አልነኩትም። ሲመለስ ደረሰኝ ተቀብለዋል ወይ አሉኝ። ልጁ ደረሰኝ አልሰጠኝም። «እንግዲህ» አሉ። ከማስያዣው ላይ ቆረጡና ቀሪው በባንክ ይላክልዎታል አሉኝ። እኔ በምኖርበት አገርም ኪራይ ቤቶች መላእክት አይደሉም፤ ጭረት ፈልገው ያስከፍላሉ። ግን ዕቃ ስትመልሱ እዚያው ፊታችሁ ይመዘገባል፣ መልእክቱ ወዲያው ስልካችሁ ላይ ይደርሳል። ይህ ትልቅ ቴክኖሎጂ አይደለም። አንድ መስመር መጻፍ ነው።

ቀሪውን ጊዜ የነዳሁት በስልኬ ነው። የእህቴ ልጅ ከመስመር ውጭ የሚሠራ ካርታ አወረደልኝ። ብዙ ሰው ስልክ ያለ ዳታ አቅጣጫ አያሳይም ይላል፤ ልክ አይደለም። ጂፒኤስ ከሳተላይት ተቀባይ ብቻ ነው፤ የሚልከው ነገር የለም፣ ሲም ካርድም አይጠይቅም። ዳታ የሚፈልገው ካርታውን ለማውረድና የመንገድ መጨናነቅ ለማየት ነው። ኦስማንድ እና ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባሉት የስልክ መተግበሪያዎች ካርታቸውን የሚያገኙት እ.ኤ.አ. በ2004 ከተጀመረው ኦፕንስትሪትማፕ ከተባለው ነፃ የዓለም ካርታ ነው። እሱን የሚሞሉት በጎ ፈቃደኞች ስለሆኑ፣ የሚተጋ ሰው ባለበት ሰፈር አዲስ መንገድ ቶሎ ይገባል፤ በሌለበት ይቀራል። ጉግል ማፕስም ካርታ አውርዶ ማስቀመጥ ይፈቅዳል። ከአውሮፕላን ከመውረዳችሁ በፊት አውርዱ።

ታዲያ ጂፒኤስ ለምን ይገዛል? ስልክ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ሲነዳ ይግላል፣ ሲግል ስክሪኑን ያደበዝዛል ወይም ይጠፋል። ልክ መታጠፊያው ላይ ስትደርሱ አክስት ትደውላለች፣ ካርታውም በስሟ ይሸፈናል። በየቀኑ ለሚነዳ ሰው ለብቻው የቆመ መሣሪያ አሁንም ምቹ ነው። እኔ በሚቀጥለው ስመጣ የራሴን ይዤ ነው የምመጣው።

ስትገዙ በስክሪን ስፋት አትታለሉ። መጀመሪያ የሚታየው ካርታው ነው። ሳጥኑ ላይ የተዘረዘሩትን አገሮች አንብቡ። ለአንድ አህጉር ተብሎ የተሸጠ ጂፒኤስ ሌላ አህጉር ላይ ባዶ ስክሪን ይዞ ሊቀር ይችላል። ውድ ገንዘብ ከፍለው ያመጡት መሣሪያ አውራ ጎዳናዎችን ብቻ የሚያሳይባቸው ሰዎች አውቃለሁ። «የዕድሜ ልክ ካርታ» የሚለውም እናንተ እስካላችሁ ማለት አይደለም፤ አምራቹ መሣሪያውን መደገፍ እስኪያቆም ነው። እድሳቱ የሚመለከተውም ቀድሞ የተጫነውን አካባቢ ነው። ሌላ አገር ከፈለጋችሁ ለብቻው መግዛት ሊኖርባችሁ ነው። በዋይፋይ ራሱን የሚያድስ ከሆነ ጥሩ፤ አለበለዚያ ኮምፒውተር እና ዩኤስቢ ገመድ ይፈልጋል። ካርታ በየጊዜው ስለሚገዝፍ የማይክሮ ኤስዲ ካርድ ማስገቢያ ያለውን ምረጡ።

አንድ ነገር ላይ ግን ላቁምባችሁ። የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም አድራሻ በማይሆንበት ቦታ፣ ጂፒኤሱ የቁጥር መገኛ (ላቲቲዩድና ሎንጊቲዩድ) መቀበል አለበት። ዘመዳችሁ ከስልኩ ላይ ቁጥሩን ይልክላችኋል፣ እናንተ ታስገባላችሁ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ስልክ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው በአስርዮሽ ዲግሪ ነው፤ ብዙ ጂፒኤሶች ግን ሲገዙ የተዘጋጁት በዲግሪና በደቂቃ ነው። ስልኩ 9.03 ዲግሪ ካለ፣ 9 ዲግሪ ከ1.8 ደቂቃ ማለቱ ነው። እናንተ 9 ዲግሪ ከ3 ደቂቃ ብላችሁ ካስገባችሁ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃችሁ ትገኛላችሁ። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሁለቱ አንድ ዓይነት መሆናቸውን አረጋግጡ።

ሌላው ቀላል ነው። ለዓይን 6 ኢንች ይበቃል፤ 7 ኢንች ትንሽ መኪና ላይ መንገድ ይጋርዳል። ባትሪው ብቻውን ብዙ አይቆይም፣ ስለዚህ ገመዱ ረጅም ይሁን፣ የሲጋራ መለኮሻውም የሚሠራ መሆኑን አስቀድማችሁ ሞክሩ። ከአሜሪካው ጂፒኤስ ሌላ የሩሲያን ግሎናስ ወይም የአውሮፓን ጋሊልዮ ሳተላይቶች የሚቀበል ከሆነ ሕንፃ መሀል ይረዳችኋል፤ የሚታዩት ሳተላይቶች ይበዛሉና። የፊት መስታወቱ ፀሐይ የሚመልስ ስስ የብረት ቅብ ካለው ምልክቱን ሊያዳክም ይችላል። የመንገድ መጨናነቅ አሳያለሁ የሚለውን ማስታወቂያ፣ ያ አገልግሎት እናንተ በምትነዱበት አገር መኖሩን ሳታዩ አትክፈሉበት። እኔ በምኖርበት አገር በየቀኑ የሚጠቅመኝ እሱ ነው፤ አገር ቤት ግን የመጨናነቁን ዜና ያገኘሁት ከታክሲ ሾፌሮች ነው፣ እነሱም አልተሳሳቱም።

የኪራዩን ጂፒኤስ የግድ ከወሰዳችሁ ደግሞ፣ ስትመልሱ የተቀበለው ሰው በወረቀት ፈርሞ ይስጣችሁ። ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ በስልክ ፎቶ አንሱት።

መኪናውን ለሌላ ሰው እመክራለሁ፣ ብድግ ብዬ። ለጂፒኤሱ አንድ ኮከብ ሰጥቻለሁ፤ ከዚያ በታች ስለሌለ ነው። የማስያዣው ቀሪ ይህን እስከምጽፍ ድረስ ባንክ አልገባም። ሁለት ጊዜ ደውዬ «ሥራ አስኪያጁ እየመጡ ነው» ተብያለሁ።