ወደብ ላይ ሲወርዱ፦ ከመርከቡ አስጎብኚ ጋር ወይስ በራስ?

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በሜዲትራኒያን ባሕር ወደብ ለወደብ የሚያስጎበኝ መርከብ የሚሳፈር ብዙ አይደለም። ውጭ ያሉ ልጆቹ የጋበዙት ሰው ግን ከሁለቱ አንዱን መምረጡ አይቀርም።

እንደ ወደቡ ነው። ሮም ለመግባት መርከቡ የሚቆመው ቺቪታቬኪያ ነው። ከዚያ ሮም 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና ከመውረድ ይበልጣል። ባቡር አለ፣ ዋጋውም ከመርከቡ ጉብኝት በብዙ ይረክሳል። ጣጣው መመለሻው ላይ ነው። የመርከቡ አውቶቡስ ቢዘገይ አብዛኛውን ጊዜ ይጠበቃል። በራሱ የሄደውን ግን መርከቡ ጥሎት ይነጉዳል፤ እስከ ቀጣዩ ወደብ ያለው ወጪ ከራሱ ኪስ ነው። ለሮም እኔ የመርከቡን እመርጣለሁ።

የአቴንስ ወደብ ፒሬየስ ሌላ ነው። አቴንስ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ናት፣ ሜትሮም አለ። እዚህ በራስ መሄድ ይሻላል። አክሮፖሊስ፣ ጥንታዊዎቹ ቤተ መቅደሶች ያሉበት ኮረብታ፣ ዳገት ነው፤ በሰው እግር የለሰለሰው እብነ በረድ ያንሸራትታል። የአንኮበርን አቀበት የለመደ እግር ምንም አይለው! በቡድን ከሆነ ግን አስጎብኚው ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ይዞ ሲያቻኩል ይውላል። ጉልበት የሚያማቸው እናት ካሉ ያው የመርከቡ ይሻላል።

አደራ፣ ሰዓት ላይ። የመሳፈሪያ ማብቂያው 17:00 ከተባለ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ነው።