ደሙን በዓይኗ ላየችልን የላብራቶሪ ባለሙያ

የአራት ዓመት ልጄ ትናንት እዚህ ጅማ በአዌቱ ወንዝ ዳር ከእህቱ ጋር ሲሯሯጥ ሳየው ይህን ምስጋና ከዚህ በላይ ማዘግየት አልሆነልኝም። ሕርማታ አካባቢ ባለ አነስተኛ ክሊኒክ የምትሠራ የላብራቶሪ ባለሙያ አለች። «ስሜ ይቅር» ስላለችኝ ስሟን አልጽፈውም፤ ሥራዋን ግን እናገራለሁ።

ልጁን መጀመሪያ ሆዱን ቆረጠው፤ በማግሥቱ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያዘው። ከአንድ መድኃኒት ቤት ተቅማጥ ማስቆሚያ ገዝቼ ሰጠሁት። ተቅማጡ ሲቆም ዳነልኝ ብዬ ነበር። በሰባተኛው ቀን ፊቱ ነጣ፤ የዓይኑ ቆብ አበጠ፤ ሽንቱም ጥቂት ሆኖ የወፍራም ሻይ መልክ ያዘ። ሁላችንም ወባ ነው አልን።

እርሷ የወባ ምርመራውን ሠራች፤ የለበትም። ማሽኑ ሄሞግሎቢኑ (በቀይ ሕዋሳት ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) ወደ 7 መውረዱንና ደም የሚያረጋው ፕላትሌቱም በጣም ማነሱን አሳየ። ወረቀቱን ሰጥታ ልትሸኘን ትችል ነበር። አላደረገችውም። አንድ ጠብታ ደም በመስታወት ላይ ቀብታ፣ ቀለም አስነክራ፣ ማይክሮስኮፑ ላይ ለረጅም ጊዜ አቀረቀረች። ከዚያ «እህቴ፣ ነይ እዪው» አለችኝ። ክብ በሆኑት ሕዋሳት መካከል የተቀደዱ፣ ጥግ ያወጡ፣ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የያዙ ነበሩ። «እነዚህ በደም ሥር ውስጥ ሲያልፉ የተቆራረጡ ናቸው። ነገ አትበዪ፤ አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጂው።» ያየችውን በእጇ ጽፋ፣ ሥራዋን ለባልደረባዋ ትታ፣ በባጃጅ አብራን ሄደች። የባጃጁን እንኳ እኔ እንድከፍል አልፈቀደችም።

ሕመሙ ሄሞሊቲክ ዩሪሚክ ሲንድሮም ይባላል። ሐኪሙ በወረቀት ላይ እየሳለ አስረዳን። ኢ. ኮላይ ከሚባሉት ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ፣ እንዲሁም አንድ የሺጌላ ዓይነት፣ ሺጋ የተባለ መርዝ ያመነጫሉ። ባክቴሪያው አንጀት ውስጥ ይቀራል፤ መርዙ ግን በደም ተጉዞ የኩላሊትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይይዛል። የሥሮቹ የውስጥ ሽፋን ያብጣል፤ ከበታቹ ካለው ስስ ገለፈት ይላቀቃል። በተጎዳው ቦታ ፕላትሌትና ፋይብሪን የተባለው ደም አርጊ ክር ተሰብስበው ይረጋሉ። ፕላትሌት ያለቀው ለዚህ ነው። ቀይ ሕዋሳት በጠበበው መንገድ ሲጋፉ ይቀደዳሉ፤ የኩላሊቱ ማጣሪያም ደም እያጣ ሽንት ይቀንሳል። ሲከፋ የኩላሊቱ ውጫዊ ክፍል ሞቶ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። ይህን ስሰማ ነው የዚያች ልጅ ሥራ በትክክል የገባኝ፤ በመስታወቱ ላይ ያየችው የልጄን ኩላሊት ጭንቀት ኖሯል።

ባክቴሪያው ከምግብ እንደሚገባ ስትሰማ እናቴ «ልጁ ሥጋ እንኳ አልበላም» አለች። ሐኪሙ በ2011 በአውሮፓ አቆጣጠር ጀርመን ውስጥ ከ50 በላይ ሰዎች የሞቱበት ወረርሽኝ ከአብሽ ቡቃያ መምጣቱን ነገራት። ያን ጊዜ ለልጁ ያልፈላ ወተት መስጠቴ ትዝ አለኝ። የተቅማጥ ማስቆሚያውም መርዙን አንጀት ውስጥ ሊያቆየው እንደሚችል ሰማሁ፤ እባካችሁ፣ ደም ያለበት ተቅማጥ ላይ በራሳችሁ አትስጡ። ሕመሙ ተቅማጥ ሳይኖርም ኒሞኮከስ በሚባል ባክቴሪያ ኢንፌክሽን ወይም ኮምፕሊመንት በሚባለው የሰውነት መከላከያ የዘር ጉድለት ሊመጣ ይችላል፤ የዚያኛው ሕክምና የተለየ ነው።

ደም ተሰጠው፤ ፈሳሹ በልክ ገባለት፤ ሽንቱ በየሰዓቱ ተለካ። ዲያሊሲስ (ደምን በማሽን ማጣራት) ሳያስፈልገው በዘጠነኛው ቀን ሽንቱ ጠራ። የደም ግፊቱና በሽንቱ የሚወጣው ፕሮቲን ግን ገና ለዓመታት ክትትል ይፈልጋሉ።

ጅማ ውስጥ ልጁ የታመመበት ወላጅ ደሙን ለእርሷ ቢያስመረምር አይቆጭም። ክሊኒኩን ማወቅ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ከፈለጋችሁም እስከ በሩ አደርሳችኋለሁ። እሑድ እሑድ አትገባም።