ሞተሩ ሞቆ የጠበቃችሁን መኪና እንዳትገዙ

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ያገለገለ ባለ ቱርቦ መኪና ልትገዙ ካሰባችሁ ይህን ሳታነቡ ቀብድ አትክፈሉ።

ባለፈው ጥቅምት ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ካለ አንድ የመኪና መሸጫ ፈጣን፣ ባለ 4 ሲሊንደር መኪና ገዛሁ። 88,000 ማይል የሄደች፣ በ9,400 ዶላር። ሻጩ የአገራችን ልጅ ነው። "እንደ ታናሽ ወንድሜ ነው የማይህ። ይቺ ቺንጋ የላትም፣ ቼን ነው ያላት፣ ዕድሜ ልክህን አትነካውም" አለኝ። ቼን ያለው ሞተሩ ውስጥ ፒስተኖቹና ቫልቮቹ ተናብበው እንዲሠሩ የሚያደርገውን የብረት ሰንሰለት ነው፤ ቺንጋ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ቀበቶ ነው። የመኪናዋን ስም አልጠራም፤ ቅሬታዬ ከሻጩ ጋር ነው።

የሄድኩት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ነበር። ኮፈኑን ስነካው ሞቋል። "ባትሪዋ እንዳይደክም አስነስቻት ነው" አለ። እኔም አመንኩት። ሞተሩ ድምፁ ልስልስ ያለ ነበር። ከፍዬ ወሰድኳት።

በማግስቱ ጠዋት ቤቴ በር ላይ ሳስነሳት ሽምብራ በጣሳ ውስጥ ሲናጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ አወጣች። 3 ሰከንድ ያህል፣ ከዚያ ጭጭ። ስደውልለት "ቱርቦ ጠዋት ጠዋት እንዲህ ነው" አለኝ። ከ5 ሳምንት በኋላ፣ በአንድ ብርዳማ ጠዋት፣ ጭራሽ አልነሳ አለች። መካኒኩ የሞተሩን የታችኛውን የዘይት መያዣ ፈትቶ ያገኘውን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ጥፍር የሚያክል የተሰበረ ቡናማ ፕላስቲክ፣ ዘይት የጠጣ። ቼኑን መስመር የሚያስይዘው ክፍል ነው። ቼኑ ጥርስ ዘሎ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ተጋጭተው ታጥፈዋል። ያገለገለ ሞተር ለማስገባት 6,200 ዶላር ጠየቀኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቼን "ተለጠጠ" ሲባል ብረቱ እንደ ላስቲክ ተሳበ ማለት አይደለም። በየመገጣጠሚያው ያሉት ትንንሽ ፒኖች ይበላሉ። አንዱ የተበላው ከፀጉር ያነሰ ነው። ግን ከመቶ በላይ መገጣጠሚያ ላይ ሲደመር ቼኑ ይረዝማል፣ ይላላል። ዘይት ሳይቀየር ሲቆይ ደግሞ ቆሻሻው እንደ ሞረድ ይሞርደዋል። የላላውን የሚወጥረው ቴንሽነር የሚባለው ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። መኪናው ሲያድር ግፊቱ ይወርዳል። ስለዚህ የላላ ቼን የሚንኳኳው ጠዋት፣ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ላይ ነው። ሞተሩን ቀድሞ ያሞቀላችሁ ሰው እነዚያን ሰከንዶች ነው የደበቃችሁ።

በዚህ በሽታ በግልጽ የሚታወቁ ሞተሮች አሉ። ከ2009 እስከ 2012 በተሠሩ ጎልፍ ጂቲአይና አውዲ ኤ4 ላይ ያለው ባለ 2.0 ሊትር ቱርቦ ችግሩ ቴንሽነሩ ነው። እዚህ አሜሪካ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ2018 በጸደቀ ስምምነት ዋስትናው ወደ 10 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ተራዝሞ ነበር። ዓመቱን ቁጠሩት፤ አልፏል። ከ2007 እስከ 2010 የነበረው ሚኒ ኩፐር ኤስ የጠዋት ድምፁ "የሞት ጣር" የሚል ስም ወጥቶለታል። ከ2012 እስከ 2015 የተሠራው ቢኤምደብልዩ 328 ደግሞ የሚሰበረው ፕላስቲኩ ነው። ቼንና ቴንሽነሩ በደረሰኝ የተቀየረለት ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። ደረሰኙን በዓይናችሁ እዩት።

ልታዩ ስትሄዱ "ሞተሩን እንዳታስነሳው" ብላችሁ ቀድማችሁ ንገሩት። ስትደርሱ መጀመሪያ ኮፈኑን በእጃችሁ ዳብሱ። ከሞቀ ወደ ቤታችሁ ተመለሱና ሌላ ቀን ሳትናገሩ ሂዱ። መስኮት ዝቅ፣ ሬዲዮ ጥፍት፣ አንድ ሰው ኮፈኑ ጋ ይቁም፣ ከዚያ ይነሳ። መኪናው የመዘገበውን የብልሽት ኮድ የሚያሳይ ማንበቢያ 20 ዶላር አካባቢ ይገኛል። ፒ0016 የሚል ካወጣ ክራንክሻፍቱና ካምሻፍቱ፣ ማለትም ቼኑ የሚያገናኛቸው የፒስተኖቹና የቫልቮቹ ዘንጎች፣ አልተናበቡም ማለት ነው፤ የላላ ቼን አንዱ ምክንያት ነው። ምንም ኮድ ሳይኖር የመኪናው የራስ ፍተሻዎች "አልተጠናቀቁም" ካለም ተጠንቀቁ። ኮዱን በቅርቡ አጥፍተውት ሊሆን ይችላል። የቨርጂኒያ ኢንስፔክሽን ስቲከር አያጽናናችሁ፤ ፍሬን፣ ጎማና መብራት እንጂ የሞተር ሆድ አያይም።

መስኮቱ ላይ የሚለጠፈውን "ባየርስ ጋይድ" የሚባል ወረቀትም አንብቡ። እኔ ሳላነብ ፈረምኩ። "አስ ኢዝ" የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ነበረበት፤ ያለ ዋስትና ማለት ነው። እዚያው ወረቀት ላይ ሻጩ በቃል የሚሰጠውን ተስፋ ሁሉ በጽሑፍ አስቀምጡ ይላል። "ዕድሜ ልክህን" ያለኝን ላጽፈው ብል ኖሮ እንዴት እንደሚያየኝ አሁን ይታየኛል።

ባለፈው ቅዳሜ በዚያ መሸጫ በኩል ሳልፍ ገና አልተከፈተም ነበር። ሻጩ ግን ግቢው ውስጥ ቁልፎች በእጁ ይዞ ከመኪና መኪና እየዞረ አንድ በአንድ ያስነሳቸዋል።