ስፕሪንግ ቡት ወይስ ኳርከስ፦ ለዩኒየን ሥርዓት የቱ ይሻላል?

በደብረ ማርቆስ ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የማዳበሪያ ሥርጭትና የእህል ግዢ ሥርዓት በጃቫ የሚሠራ ቡድን፣ የጃቫ ፕሮግራም መሥሪያ ማዕቀፎች (ፍሬምወርኮች) የሆኑትን ስፕሪንግ ቡትንና ኳርከስን ማነጻጸሩ አይቀርም።

ዋናው ልዩነት ሥራው የሚከናወንበት ጊዜ ነው። ስፕሪንግ ቡት ፕሮግራሙ ሲነሣ ክላሶችን እየቃኘ ክፍሎቹን እርስ በርስ ያገናኛል፤ በ2019 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በሬድ ሃት የቀረበው ኳርከስ ግን የዚህን ሥራ አብዛኛውን ክፍል ኮዱ ሲጠናቀር (ኮምፓይል ሲደረግ) አስቀድሞ ስለሚጨርሰው፣ ቶሎ ይነሣል፤ የሚይዘው ሜሞሪም አነስተኛ ነው። መብራት በሚቆራረጥበትና አንድ አነስተኛ ሰርቨር ብዙ አገልግሎት በሚሸከምበት ቢሮ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም ግራል ቪኤም በተባለው መሣሪያ ፕሮግራሙን አስቀድሞ ወደ ማሽን ኮድ መቀየር ከተፈለገ፣ ማጠናቀሩ ደቂቃዎችን የሚወስድና ብዙ ሜሞሪ የሚጠይቅ በመሆኑ ደካማ ላፕቶፕ ይፈተናል። ስፕሪንግ ቡትም ከ2022ቱ ሦስተኛ ዕትሙ ጀምሮ ይህንኑ መንገድ ይደግፋል።

ኳርከስ የጃካርታን (ለጃቫ ኢንተርፕራይዝ ፕሮግራሞች የወጡ የጋራ ደረጃዎችን) መስፈርቶች በቅርበት ስለሚከተል፣ «ኢንጀክት»ን (አንድ የኮድ ክፍል የሚያስፈልገው ሌላ ክፍል እንዲቀርብለት የሚጠይቅበትን ምልክት) የለመደ የጃቫ ኢንተርፕራይዝ ባለሙያ አይቸገርበትም።

እኔ ግን ለሁለትና ለሦስት ሰው ቡድን ስፕሪንግ ቡትን እመርጣለሁ። የመግቢያ ፈቃድን በስፕሪንግ ሴኩሪቲ፣ የዳታቤዝ ሥራን በስፕሪንግ ዳታ የሚያውቅ ተተኪ ማግኘት ይቀላል፤ አንድ ባለሙያ በማዳበሪያ ወቅት ሥራ ቢለቅ፣ የገበሬው ወረፋ የሚቆመው በሜሞሪ እጥረት ሳይሆን ኮዱን የሚያነብ ሰው በመጥፋቱ ነው። አገልግሎቶቹ በዝተው በኩበርኔቲስ (አገልግሎቶችን በብዙ ሰርቨሮች ላይ በሚያስተዳድር ሥርዓት) ላይ በየጊዜው የሚነሡና የሚወርዱ ከሆነ ግን ምርጫዬ ኳርከስ ነው።